ማይክ ሲሞከር የተለቀሰ ለቅሶ

እማማ፣ ይሄኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ያኛው እግሩ ይነቃነቃል። የማይኩን ገመድ ብቻ እንዳይረግጡት። ዛሬ አየሩ ደስ ይላል አይደል? አባባም ከሆስፒታል ለመውጣት ጥሩ ቀን መረጡ። የዓይናቸው ሞራ በደንብ ተገፈፈ አሉ። እሰይ! እንግዲህ ማን ማን እንደሆነ ጥርት ብሎ ይታያቸዋል…

እኔ የምልዎት፣ ባልዎ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ በዚህ የጸሎት አዳራሽ እንዴት እንደታዘነ ነግረውዎታል? ማን አዘነ ብለው ግን አይጠይቁኝ፤ ስም መጥራት አልወድም። አንድ ወንድማችን ነው… ለአባባ ቅርብ የሆነ። በፍቅርም በማዕረግም ከእሳቸው ቀጥሎ። የቢሮ ወንበራቸው እንዳይቀዘቅዝባቸው ብሎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲያሞቅላቸው የሚውል! እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ ከየት ይገኛል?

ድምፅ ማጉያ እንዴት እንደሚሞከር ላስረዳዎት። ሰው ማይክ ሲሰጡት “ሃሎ፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት” ይላል። የሰው ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው። ይሄ ወንድማችን ግን መች ተራ ሰው ሆነና! ማይኩን ጨበጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና “ወገኖቼ… ምሰሶአችን ወደቀ!” አለ። እኔ ሞኙ የስፒከሩ ማቆሚያ መስሎኝ ሮጬ አቀፍኩት።

“አይ፣ አንተ ‘ወደቀ’ የምትለዋ ላይ ኢኮ ጨምርልኝ” አለኝ። ኢኮ ማለት እማማ፣ አንዱን ቃል እየደጋገመ የሚመልስ ነገር ነው። ጨመርኩለት። አዳራሹ “ወደቀ… ደቀ… ቀ…” ሲል ቢሰሙት! “እዚህ ጋ ደግሞ ድምፄ ይቆረጣል፤ እንዳትደነግጥ፣ ገመዱ አይደለም፣ ሐዘን ነው” አለኝ። እውነትም ተቆረጠ። ደግመን ሞከርነው፣ እዚያው ቃል ላይ ተቆረጠ። እንዲህ ሰዓቱን አክባሪ ሐዘን አይቼ አላውቅም።

ለመሆኑ በዓይን ሞራ የሞተ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ግን አርቆ አሳቢ ነው፣ ይመስገን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እሱ ሳይቃጠል አመዱን ያፍሳል። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” የሚባለውም እንደ እኔ ላለ ዝርክርክ ነው፤ እሱ ድስቱ ሳይጣድ ለቅሶውን ጨርሷል።

ደግሞ ከራሱ አላመጣውም። አባባ ናቸው ባለፈው ጉባኤ “እኔ ስሞት ይህ አገልግሎት አብሮኝ እንዳይሞት ከወዲሁ አስቡበት” ያሉት። ጥበብ ነው! ግን አንዳንድ ሰው ጋ… “እኔ ስሞት” ከምትለዋ በኋላ ማይኩ ተቆርጦ ይሆን እንዴ? የእኔ ጥፋት ይሆናል፤ ገመዶቹ አርጅተዋል።

ልብስ ሰፊም ልኮላቸው ነበር፣ ለሙሉ ልብስ፣ ስጦታ ነው ብሎ። ሰፊው ግራ ቢገባው እኔን አጫወተኝ፦ “እኔ ሰው ቆሞ ነው የምለካው፤ እሳቸውን ግን ‘ጋደም ሲሉ ለካቸው’ ተባልኩ።” የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ… የእኛ ወንድም ሳይሞቱ አስለካው። ይሄ ጥንቃቄ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ለእርስዎም አስቦልዎታል እኮ! “እማማን ደረጃው ያደክማቸዋል፤ ያንን ሰፊ ቤት ለቀው ልጃቸው ጋ ቢጠጉ ይሻላል” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሚስቱም የሳሎንዎን መስኮቶች ወዳቸዋለች አሉ። መስኮት መውደድ ምን ክፋት አለው?

ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ የሚያስለው ማን ነው?… አቧራ ይሆናል።

እኔ እንግዲህ የገመድ ጠቅላይ ነኝ፤ የሌላ ነገር ጠቅላይ መሆን የሚያምረው ሌላ ነው። እሁድ አባባ ተተኪያቸውን ሊያሳውቁ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት “አንቺ፣ ማንን ልበል?” ብለው የሚጠይቁት ደግሞ እርስዎን ነው ይባላል። እውነት ነው? አልነግርህም ካሉም ይሁን። እኔ የምለው፣ የተለማመደ ሰው ይሻላል… እንደ እሱ ማን ተለማመደ? “ተጠርቻለሁ” ይላል ሁልጊዜ። ቃሉን እወደዋለሁ። እንዲያው ለማስረዳት ያህል፣ ለአገልግሎት የሚመረጠውም “ተጠራ” ነው የሚባለው፣ ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚሄደውም “ተጠራ” ነው። እሱ የትኛውን ጥሪ እንደሚጠብቅ… የማንን ጥሪ እንደሚጠብቅ… እኔ በምን አውቄ?

መኪናው ገባ መሰለኝ። አዎ፣ የአባባ ሳቅ ነው! ይነሱ እማማ፣ ክንዴን ይያዙ። ቆይ፣ ያንን ወንድማችንን ልመርቀው፤ ይህን ሁሉ ደክሞ ሳይመረቅ ማደር የለበትም። ውይ፣ ማይኩም በርቶ ኖሯል… ይሁን፣ ምርቃት አይደበቅም። አሜን ይበሉ እሺ?

ጌታ ያክብረው። ልጆቹን ይባርክለት። እንዲህ የሚወዳቸውን የአባባን ሞት… ጌታ አያሳየው።