አስራ አንድ ሰው፣ አንድ ፊት

(አሰላ፣ ከቀትር በኋላ፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ፎቶ አንሺ ጋሽ ተካልኝ በፎቶ ቤቱ የድሮ ካሜራውን ይወለውላል፤ የሻረግ በደርግ ዘመን የተገደለ ወንድሟ ውብሸት ያለበትን ፊልም እንዲያትምላት ትሟገተዋለች።)

የሻረግ፦ ዛሬ ሳልይዝ አልወጣም ጋሽ ተካልኝ።

ተካልኝ፦ ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ። ስትመጪ ሦስተኛሽ ነው። ጥቁር ነው፤ ሰው አይለይም።

የሻረግ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፊልምም እንደዚያው ነው።

ተካልኝ፦ ሞኙ እኔ መሆኔ ነው?

የሻረግ፦ ወረቀት ብልዎት ይሻላል? እናቴ ዘጠና አልፏታል። ትናንት «የውብሸት ፊት ጠፋብኝ፤ ግንባሩ ሰፊ ነበር?» አለችኝ። የቤቱን ፎቶ ሁሉ ያኔ በፍርሃት አቃጥለነዋል። የቀረው እርስዎ ቀበሌ አዳራሽ ያነሱት ብቻ ነው።

ተካልኝ፦ ማን ነገረሽ?

የሻረግ፦ አብሮት የታሰረ። አስራ አንድ ልጆች ግድግዳ ስር አስቁመውን ተነሳን፤ ፎቶው ጥቁር ሆኖ ወጣና አስራችን ተረፍን አለኝ። እኔን የገረመኝ፣ የሙሽራ ቀሚስ ክሩ ሳይጠፋ የሚያወጡ ሰው እንዴት አንድ አዳራሽ አቃተዎት?

ተካልኝ፦ አላቃተኝም።

የሻረግ፦ እና?

ተካልኝ፦ ይሄን ቀለበት ታያለሽ? ስታዞሪው የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ለዚያ ጨለማ ሁለት ላይ መክፈት ነበረብኝ። አስራ ስድስት ላይ ዘጋሁት። ካድሬው ፎቶውን ለጠቋሚ ሊያሳይ ነበር። ሁሉም ጥላ ሆነው ይውጡ ብዬ ነው።

የሻረግ፦ አጠገብዎ አልነበረም እንዴ?

ተካልኝ፦ ትከሻዬ ላይ ነበር። ጠመንጃ እንጂ ካሜራ አያውቅም። «ጥርት አድርገህ አንሳ ጓድ» ይለኛል፤ «እሺ ጓድ» እያልኩ እዘጋለሁ።

የሻረግ፦ ታዲያ ውብሸት ለምን...?

ተካልኝ፦ ተይው። ሆድ ይፍጀው።

የሻረግ፦ አርባ ስድስት ዓመት ፈጀው። አልበቃውም?

ተካልኝ፦ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ካሜራውን ልጫን ስል፣ ከውብሸት ጎን ያለውን የእንጨት መስኮት አንድ እጅ ከውጭ ሳበው። የጠዋት ፀሐይ ፊቱ ላይ አረፈ። ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ አስራ ስድስት ልኩ ነው።

የሻረግ፦ ጣትዎን መመለስ አይችሉም ነበር?

ተካልኝ፦ ዓይኔ አየ፤ ጣቴ ግን ቀድሞ ተጭኗል። ድገም ሲሉኝ አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ፊልሙም አልቋል ብዬ ዋሸሁ፤ አመኑኝ። አስሩ ጥላ ሆነው ወጡ። እሱ ቅንድቡ ሳይቀር ይቆጠራል። በማግስቱ ወሰዱት።

የሻረግ፦ እና ግንባሩ...

ተካልኝ፦ ሰፊ ነው። ስንቴ ፊልሙን ላቃጥለው አውጥቼ መለስኩት መሰለሽ። እያየኝ እንዴት ላቃጥለው? በጸሎቴ መሃል ሳይቀር ያን እጅ እረግመዋለሁ። ትንሽ እጅ ነበር፣ የልጅ።

የሻረግ፦ አይርገሙት።

ተካልኝ፦ ለምን አልረግመው?

የሻረግ፦ ቁርሱን ይዤለት ሄጄ ነው። በሩ ላይ ከለከሉኝ። ፊቱን ብቻ ልየው ብዬ መስኮቱን ሳብኩት... አየሁት፣ ጋሽዬ። ያትሙት፤ እናቴም ትየው።