«ጓድ» ያሉት ዳኛ

በደርግ ጊዜ ከኮኪት ወደ መተማ በላንድሮቨር ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ያሉትን የኳስ ዳኛ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ለቀቁዎት እንዴ?»

«ለቀቁኝ፣ ተመስገን!»

«በአሻጥር ከሰው ሊያስሩዎት ነው ሲባል ሰምተን ነበር እኮ።»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነዋ የከሰሰኝ!»

ሊቀመንበሩ ያሉት፣ ቤቴን «ትርፍ ነው» ብሎ የወረሰብኝን ሰውዬ ነው።

«ምን አድርገውት?»

«የቀበሌው ቡድን ጥቁር ለበሰ፤ የኔም የዳኝነት ልብስ ያው ጥቁር ነው። ሊቀመንበሩ ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ከኋላው ሆኜ ‹ጓድ፣ ሰው አትጎትት!› ልለው ‹ጓድ› ከማለቴ ኳሷን አቀበለኝ።»

«ለእርስዎ?»

«የቡድኑ ሰው መስዬው! እግሬን መትታ ለተጋጣሚው ለሽንፋ ቡድን አጥቂ ደረሰች፤ አገባት።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ማን አዳነዎት?»

«ካድሬው። ክሱ በቀበሌው ስብሰባ ሲታይ ‹ለዳኛ ኳስ ያቀበለው ማን ነው?› አለ። ሊቀመንበሩ ‹እኔ› አለ። ‹እንግዲያ አሻጥሩ የማን ነው?› ሲለው ስብሰባው ሁሉ አውካካ።»

«ሊቀመንበሩስ?»

«ላቡን ሲጠርግ ትቼው ወጣሁ። ከእንግዲህ ከአንድ ሱዳናዊ ባለሱቅ ረጅሙን ነጭ ጀላቢያ ተውሼ ነው የማጫውት።»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝሁ መተማ ደረስሁ።