ቀይ ክር የታሰረበት ጆንያ

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ እማዬ! አለሁ፣ ደህና ነኝ። መጋዘን ነኝ፣ ጆንያ እየደረደርን ነው። ... እንግዲያው ጮክ ብለሽ አውሪ፣ የእህል ማበጠሪያው ማሽን ይጮኻል።

— ምን ሆኑ? ... ዶሮዎቹ? ስንቱ? ... አምስቱም! ... ያቺ ኩሩዋ ጭምር? ስገባ ስወጣ እግሬን የምትነቁረኝ? ... አይ፣ እሷንስ ሞትም የሚደፍራት አልመሰለኝም ነበር።

— ፈንግል ነው ያለሽ ማን ነው? ... ጎረቤት። እሺ፣ ግን እኮ ፈንግል ቢሆን የነሱም ዶሮ ያልቅ ነበር። የነሱ ደህና ናቸው? ... ሁሉም? ... እ...

— እማዬ፣ ምን ነበር የምትሰጪያቸው? ... በቆሎ። የትኛውን በቆሎ? ... እሱንማ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን። ... አዎ፣ አፉ በቀይ ክር የታሰረው። ለዶሮ ብዬ። ... እንዴት «የለቀምኩትን ብቻ»?

— ቆይ። ቆይ፣ እማዬ፣ ቀስ በይ። አረንጓዴ የሆነውን ለቅመሽ ለዶሮዎቹ ሰጠሽ። ደህናውን ደግሞ... ሦስት ጊዜ አጠብሽው። ፀሐይ ላይ አሰጣሽው። ከዚያስ? ... ወፍጮ ቤት?

— መጣሁ ካቦ! አንዴ ብቻ፣ ከቤት ነው!

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ድምፄ ነው። ... አውቃለሁ፣ እህል አይጣልም። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። ማን በላው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ... አንቺ ጥርስሽን አሞሽ አልቀመስሽም። እህቴስ? ... ሥራ ቦታዋ ነው የምትበላው። ታዲያ ማን...

— ልጇ? ሚጢ?

— ስንት ቀን? ... ሳምንት። ... ጠዋትም ማታም። ... ዳቦውን ስለወደደችው ጨመርሽላት። እሺ። ... እሺ።

— ልጅቷ አሁን እንዴት ናት? ... እውነቱን ንገሪኝ። ... ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል? ታዲያ ስለ ዶሮ ታወሪኛለሽ! ... ብርድ መሰለሽ። ይቅርታ። ይቅርታ፣ እማዬ።

— አሁን ወደ በሩ ውሰጃት፣ ብርሃን ወዳለበት። የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርገሽ ነጩን እዪልኝ። ... እጠብቃለሁ።

— ነጭ ነው? ... «ትንሽ ቢጫ» ማለት ምን ማለት ነው? ... እጇንም እዪው። ... እሱም?

— አለሁ። አለሁ፣ አልጠፋሁም። ከማሽኑ ራቅ ልበል ብዬ ነው።

— ስሚኝ። ሻጋታ ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። መርዙ እህሉ ውስጥ ይገባል፣ ደህና የመሰለሽ ፍሬ ውስጥም ይኖራል። ታጥቦ አይለቅም፣ ፀሐይም እሳትም ጨርሶ አያጠፋውም። ጉበት ነው የሚጎዳው። ... እዚሁ ነዋ የሰማሁት፣ ስንት ጊዜ ነግረውናል።

— ክሩ? ክሩ ምን ሆነ? ... ፀጉሯን አሰርሽበት። ... አዎ፣ ያምራል። ያምራል፣ ግን... እማዬ፣ ያ ክር ለጌጥ አይደለም። የእህል መርማሪዋ ናት የምታስረው። ነጭ ክር ያለፈ ነው። ቀይ ክር የሚቃጠል ነው።

— ... አዎ። አውቅ ነበር። ... የማቃጥለው እኔ ነኝ እኮ። ሙሉ ጆንያ እህል ሲነድ ማየት ሆዴ አልቻለም። ዶሮን ምን ያደርገዋል አልኩ። ... ለዶሮ ነው አልኩሽ እንጂ አትብሉት አላልኩሽም፣ ልክ ነሽ። ለምን ብትዪኝስ? ከየት አመጣኸው ብትዪኝስ? አፈርኩ።

— አታልቅሺ። አሁን አይደለም፣ እማዬ። ... እንዳትዘጊ፣ መርማሪዋን ልጠይቃት፣ ይቺውና። ... ካባረሩኝም ያባርሩኝ!

— እትዬ! እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን አቃጠልኩት ያልኩዎት ጆንያ... አላቃጠልኩትም። ቤት ወሰድኩት። የእህቴ ልጅ በልታዋለች። ... አራት ዓመቷ ነው። ... ሳምንት ሙሉ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ... እሺ። እሺ፣ እነግራታለሁ። ... አዎ ካቦ፣ የሰማኸው ልክ ነው። በኋላ እንደፈለግህ አድርገኝ።

— ሄሎ እማዬ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል። ነገ አይባልም። ... የቤት መድኃኒት ምንም እንዳትሰጫት! ከዱቄቱ አንድ እፍኝ በላስቲክ ቋጥረሽ ያዢ። ለሐኪሙ አሳዪውና የሻገተ በቆሎ በልታለች በይ። ... ምን ያሳፍራል? ልጄ ነው ያመጣው በይ። በእኔ አሳብቢ፣ እውነት ነው። የቀረውን ማንም እንዳይነካው፣ የሞቱትንም ዶሮዎች ለውሻ እንኳ እንዳትሰጪ። ... እኔ በቀጥታ እዚያ እመጣለሁ። ... ልብስ መቀየሩን ተዪው፣ እንዳለሽ ውጪ!

— ሄሎ? ... እማዬ? ... ሄሎ፣ ማን ነው? ... ሚጢ! ሚጢዬ፣ አያትሽ የት ሄደች? ... ጫማሽን ልታመጣ። ጎበዝ። ሆድሽን ያምሻል? ... ትንሽ። ... ምን እያኘክሽ ነው?

— ሚጢ፣ አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው? ... ዳቦ?

— ትፊው። ... ትፊው፣ የኔ እናት። ... መሬት ላይ፣ አዎ። ዛሬ ማንም አይቆጣሽም። ... ሁሉንም? ... በእጅሽ ያለውንም ጣዪው። ሌላም አለ? ኪስሽ ውስጥስ? ... እሱንም። እሱንም ጣዪው።

— እ? ... ሌላ ክር? ... ለዚያኛው ጎን። ... አመጣልሻለሁ። ... አይ፣ ቀይ አይደለም። ቀይ አላመጣልሽም። ... ነጭ ነው የማመጣልሽ። ነጭም ያምራል፣ እሺ?

— መጣች? ... ሂጂ። እጇን ያዢያት፣ አትልቀቂያት። ስልኩን ግን... ሄሎ? ... ሚጢ?

— ዘጋችው። ... እትዬ፣ አንድ ዘለላ ነጭ ክር ይስጡኝና ልሂድ።