እጅ የማይደርስበት ቅቤ

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ከቡኢ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ። ከፊቴ የተቀመጡት ባልቴት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሴት አታውቃቸውም፣ ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«ቅቤው ለገበያ ነው እናቴ?»

«የለም፣ የውጆ ነው። እኛ ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ እናዋጣና ለባለተራዋ እንሰጣለን። ላሜ ነጥፋብኝ ከልጄ ቤት ይዤ መምጣቴ ነው።»

«ይህን ያህል ከሚደክሙ ቤትዎ ቢያጠራቅሙትስ?»

«ቤቴ ካለማ አለቀ። እንግዳ ሲመጣ ቆንጠር፣ ራሴን ሲያመኝ ቀባ። መስቀል ሲደርስ ማሰሮው ባዶ ነው።»

«ባለተራዋስ ብትበላው?»

«ትብላው እንጂ፣ ተራዋ ነው። የእኔ ተራ ለመስቀል ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለእኔ ያመጣሉ።»

ወጣቷ ሳቀች።

«የእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።»

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«ቁልፉስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«አየሽ።»

ትንሽ እንደሄድን ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ላም የሌላት ሴት ትገባለች?»

«ገዝታ ታመጣለቻ። ቅቤው ከማን ላም እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስንወርድ አብረሽኝ ነይ፣ ከሴቶቹ ጋር አስተዋውቅሻለሁ ልጄ።»

እኔም፣ ቡታጅራ ስደርስ ጓደኞቼን ልጋብዝበት ያሰብኩትን አምስት ብር ከደረት ኪሴ አወጣሁና ጎንበስ ብዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።