ለድልድዩ የተሰጠው የዋና አናጢ ዩ ማኦሼንግ ግንድ

ዋና አናጢ ዩ ማኦሼንግ ከድልድይ ሠሪው አባታቸው ከዩ ጂንፉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊያን፣ ከዛሬ ሰማንያ ሦስት ዓመት በፊት በዚሁ በሺታን መንደር ተወለዱ። ሦስት ዓመት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ መጥረቢያ ይዘው፣ ያለ ሚስማር ግንድን ከግንድ እያቆላለፉ ድልድይ ማቆምን ከአባታቸው ተማሩ። ትምህርት ቤታቸውም ቅድመ አያታቸው ያቆሙት የመንደራችን ባለጣሪያ ድልድይ ነበር። አባታቸው አንዲት ሕግ አጥብቀው ነገሯቸው፤ ድልድዩን የሚይዘው የገዛ ክብደቱ ነውና፣ የዝናቡ ወራት ሳይወጣ የጣሪያው ሸክላ እንዳይነሣ።

የሲሚንቶ ድልድይ ሲበዛ ቁም ሣጥንና የሬሳ ሣጥን እየሠሩ፣ ከወይዘሮ ሹኢላን ጋር ሴት ልጃቸውን ቻይዩንንና ወንድ ልጃቸውን ፔንግን አሳደጉ። እንደ አገራችን ልማድ ስድሳ ሲሞላቸው ሁለት ጥድ ቆርጠው፣ ከአንዱ የባለቤታቸውን የሬሳ ሣጥን ሠሩ፤ የራሳቸውን ግን ዛሬ ነገ እያሉ ግንዱን ሳይሰነጥቁ አኖሩት። ለሰው ሁሉ የሠሩ ሰው ለራሳቸው ፈሩ እያልን ስቀንባቸዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ድልድዩ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ለመኸር ጨረቃ በዓል ይታደስ ብለን ወተወትናቸው፤ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ዋና አናጢም የአባታቸውን ሕግ ጥሰው ሸክላውን አወረዱ። በሦስተኛው ቀን አውሎ ነፋስ መጣ። ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን ግንዶች ሲነካ የቀለለው ድልድይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የወፍጮ ድንጋዩን፣ ውኃ የሞላውን እንስራ፣ ያገኘነውን ሁሉ ጫንንበት። እሳቸው መካከሉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ።

«አባዬ፣ ይውጡ እንጂ! የእርስዎ አጥንት ነው ይኼን የሚይዘው?» ብላ ቻይዩን እየጮኸች ጎትታ አወጣቻቸው። ዳር እንደረገጡ ድልድዩ ተነሥቶ ሄደ። ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ ኖሩ፤ የወተወትነው ግን እኛ ነን፣ ይህም ዛሬ ይነገር።

የታችኛው ወንዝ ሰዎች ግንዶቹን ከደለል እያወጡ መለሱልን፤ አንድ ረጅም ግንድ ብቻ ጠፋ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚላላ አይሆንም፤ በመንደሩ የደረቀ ረጅም ግንድ ደግሞ የእሳቸው ብቻ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ እኔ በሣጥን፣ አንተ በሰሌን ልትቀበር ነው?» አሉ ወይዘሮ ሹኢላን።

«ሰሌኑን አንቺ ትሠሪልኛለሻ!» ብለው ግንዱን አስጎተቱ።

ድልድዩ ዳግም በቆመ በሦስተኛው ዓመት ደረታቸውን ታመው፣ አዲስ እንጨት እንዳይገዛ አደራ ብለው፣ ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ አረፉ። አደራቸውን ጠበቅን፤ ከየቤቱ እሳቸው ከሠሩት አልጋ፣ በርና ቁም ሣጥን አንዳንድ ሳንቃ ተነቀለ። ከፊታችሁ ያለው ሣጥን ዥጉርጉር የሆነው ስለዚህ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ድልድዩን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው ከአባቶቻቸው ዘንድ በሰላም ትረፍ። ተሸካሚዎች ሆይ፣ ድልድዩ መካከል ስትደርሱ ጥቂት አሳርፏቸው፤ ያን ዕለት ያልፈቀድንላቸውን ቦታ ዛሬ ይያዙት።