የአበልጁ መኪናና የዝገቱ እድፍ

ሽማግሌው ቪቾ ዓርብ ጠዋት ላዳውን ይዞ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ምንጭ የወጣው ሰው እንዳያየው ነበር። ከዳኑብ ወንዝ የተነሣው ጉም ታችኛውን ሰፈር እንደሸፈነ ነው። በዚህ ብርድ ማን ውሃ ይነካል ብሎ ነበር፤ ሆኖም ከምንጩ አጠገብ ራሊትሳ የእናቷን ስጋጃዎች ድንጋይ ላይ ዘርግታ ታጥባለች። ራሊትሳ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ሶፊያ ከተማ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ለዕረፍት መምጣቷ ነው። ቪቾ መኪናውን አዙሮ መመለስ አማረው። ግን ሳይወርድ ቢመለስ ምን ደብቆ ነው ትላለች ብሎ ሠጋና ወረደ። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የከረመ ሰው፣ ሰው ሁሉ እሱን የሚጠረጥረው ይመስለዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ ቪቾ።»

«ደኅና። መኪና ላጥብ ነው የመጣሁት፤ ሌላ ነገር የለም።»

ስለ ሌላ ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ራሊትሳ ፈገግ አለችና በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየት አደረገች። አክስት ዝላታ፣ ማለትም የቪቾ ሚስት፣ የምትቀመጥበት ወንበር እግር ሥር ስጋጃ በስጋጃ ላይ ተደራርቧል።

«መኪና ነው ወይስ ሳሎን ነው፣ አጎቴ? ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል።»

«ማን ላከሽ?»

«ማን ይልከኛል? ስጋጃ ላጥብ መጣሁ።»

«ፃንኮ ልኮሽ እንደሆነ፣ ቪቾ ዕውር አይደለም በይው።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች። ፃንኮ የቪቾ አበልጅ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቪቾና ዝላታ ሲጋቡ ከጎናቸው የቆመው እሱ ነው፤ ልጃቸውንም ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አሁን ልጁ ልጅ ወልዷል፤ ክርስትናው እሑድ ነው፤ በአገሩ ደንብ ሕፃኑን የሚያነሳው ፃንኮ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ቪቾ ክብ ዳቦና ወይን ጠጅ ይዞ አበልጁ ቤት ሄዶ መጥራት አለበት። እስካሁን አልሄደም።

«ከአጎቴ ፃንኮ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?»

«አልተጣላንም። ለመጣላት እኮ መነጋገር ያስፈልጋል።»

ከዚያ ወዲያ አፉን መያዝ አቃተው። ሚስቱን እንኳ ያልነገራትን ነገር ለጎረቤት ልጅ ዘረገፈው። መኪናውን ባለፈው መከር ከፃንኮ ገዛ። በክረምቱ መካከል ምንጣፉ ላይ ቡናማ እድፍ ብቅ አለ፤ ዝገት ነው። ታዲያ የፃንኮ ቤት ታችኛው ሰፈር አይደለም ወይ? አምና ወንዙ ሲሞላ ውሃ እስከ መስኮቱ ደርሶ አልነበረም ወይ? አበልጁ ከጎርፍ ያወጣውን መኪና አድርቆ፣ ወልውሎ፣ በፈገግታ ሸጠለት ማለት ነው። ቪቾም እድፉን በስጋጃ ሸፈነው፤ ስጋጃውንም እድፉ ሲነካው ሌላ ደረበበት። የልጅ ልጁን ክርስትና ደግሞ ለደን ጠባቂው ለዲንኮ ለመስጠት ወስኗል። ነገ ሄዶ ሊነግረው ነው።

«ፃንኮን ጠየቁት?»

«ምን ብዬ? ሐቀኛ ከሆነ አዋረድኩት። አታላይ ከሆነ ይዋሸኛል። ዝም ማለት ይሻላል።»

«ዝም ብለው ግን የልጅ ልጅዎን ክርስትና ሊነፍጉት ነው። ይህ ከመጠየቅ ይበልጥ አያዋርድም?»

ቪቾ ፊቱን ወደ ምንጩ አዞረ። የተማረ ሰው ጥያቄ መጨረሻ የለውም እያለ በሆዱ አጉረመረመ። ራሊትሳ ግን ስጋጃዎቹን አንድ በአንድ አነሣችና እድፉን አየችው። መሐሉ ጠቁሯል፤ ዳርዳሩ ቀለሙን ለቆ ነጥቷል።

«በረኪና አፍስሰውበታል።»

«አንድ ጠርሙስ። ሲብስበት ሌላ ጨመርኩ። ጠቆረ እንጂ አልለቀቀም። በረኪና ያላስለቀቀው እድፍ እኮ ከሥር የመጣ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን ያጸዳችው በበረኪና ነው።»

«እናትዎ ልክ ነበሩ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀን ወይን ጠጅ በረኪና ያስለቅቃል። ዝገት ግን ራሱ ብረት ነው። በረኪና ብረትን ይበላል፤ ዝገቱን ያባብሰዋል እንጂ አያነሣውም። እርስዎ ላጥፋው ሲሉ እየቀለቡት ነው የከረሙት።»

«እንግዲህ አንቺ ሶፊያ ስለሄድሽ እናቶቻችን ሁሉ ተሳስተው ኖረዋል።»

«እናቶቻችን መኪና አልነበራቸውም፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው ሊስቅ ከጀለውና ተወው። ለልጅቷ መሳቅ ለፃንኮ መሸነፍ መሰለው። እሷ ግን የያዘችውን የምትለቅ አልነበረችም።

«ወንዝ የገባበት መኪና አንድ ቦታ ብቻ አይዝግም። የወንበሩ ብሎኖች ይዝጋሉ። የኋላው ምንጣፍ ይበሰብሳል። ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ደለል ይይዛል። አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም።»

«ፃንኮን መጠየቅ ካፈሩ መኪናውን ይጠይቁት። መኪና አይዋረድም።»

ቪቾ ወዲያው አልተነሣም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈርቷል። አይቶ ደለል ቢያገኝ የዕድሜ ልክ ወዳጁን ያጣል፤ ምንም ባያገኝ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲያማ የከረመው እሱ ሊሆን ነው። ጥርጣሬ ከሁለቱም ይቀል ነበር፤ ጥርጣሬን ይዞ ቤት መቀመጥ ይቻላል። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ምንጣፍ ከመግለጥ ምንጣፍ መደረብ ይቀለናል። በመጨረሻ ግን ልጅቷ ቆማ ስታየው አፈረና የኋላውን በር ከፈተ።

የኋላው ምንጣፍ ደረቅ ነው። የወንበሩ ብሎኖች ያብለጨልጫሉ። ስኮርታ ጎማውን ሲያነሡ ከሥሩ የፃንኮ የሱፍ ቅርፊት ተበትኖ ተገኘ፤ ፃንኮ ሱፍ ሳይቆረጥም የማይውል ሰው ነው። ቅርፊቱ ክው ብሎ የደረቀ ነው።

«ወንዝ ቢገባ ይሄ እዚህ ይቆያል?» አለች ራሊትሳ።

«ውሃውን ካደረቀ በኋላ መልሶ በትኖት ቢሆንስ?»

«የሱፍ ቅርፊት? ለማስመሰል?»

ቪቾ የተናገረውን በገዛ ጆሮው ሰማው። ጥርጣሬው እዚህ ድረስ ይዞት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባው።

«እንግዲያስ ዝገቱ ከየት መጣ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን እንይዋ። ገልጠው ይዩት።»

የፊተኛውን ምንጣፍ በበሩ በኩል ይዞ ገለጠው። ከሥሩ፣ ልክ ከእድፉ በታች፣ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጨርቁ በእጁ ላይ ተፈረፈረ፤ ከውስጡ ዝገት የበላው የፈረስ ኮቴ ብረት ወጣ። ቪቾ ብረቱን ትቶ ጨርቁን ነበር የሚያየው። ያንን ቀይ ጥልፍ ያውቀዋል፤ የዝላታ የሙሽርነት ሽርጥ ነው።

«መኪናውን የሰው ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ነዋ፤ አያቴም ከአልጋ ሥር ታደርግ ነበር» አለች ራሊትሳ። «አክስቴ በበረዶ እርጥብ ቦት ጫማ ሲገቡ ውሃው ብረቱ ላይ ይወርዳል። እርስዎ ደግሞ በረኪናውን ጨመሩበት።»

ቪቾ መኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «በይ አሁን ምን ላድርግ?» አለ። ለልጅ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

«መጀመሪያ ምንጣፉን አውጥተን በረኪናው እስኪለቅ በብዙ ውሃ እናጥባለን። ከዚያ ቤት ሄደን ሎሚና ጨው እናደርግበታለን።»

«ሎሚና ጨው? ሰላጣ ልትሠሪበት ነው?»

«የሎሚው ኮምጣጣነት ዝገቱን ያሟሟዋል፤ ጨው ያግዘዋል። ግን በረኪናው ሳይወጣ ሎሚ ቢነካው ሳንባ የሚያቃጥል ጭስ ይወጣል። አንዱን በአንዱ ላይ እንዳያፈሱ።»

ምንጣፉን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው አጠቡት፤ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመው አለቀለቁት። ቪቾ እጁ በብርድ ቀልቶ ውሃ ሲያመላልስ አንድም ጊዜ አላጉረመረመም።

ግቢው ሲደርሱ ዝላታ ከበሩ ላይ ቆማለች። ብረቱን በቪቾ እጅ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አወጣኸው? አሁን እንግዲህ መኪናው አለቀለት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሰው ከተነገረ አይሠራም።»

«እኔ ሰው ነኝ? ባልሽ ነኝ። በዚህ ብረት የተነሣ ፃንኮን አታላይ አድርጌው ከርሜአለሁ።»

«አንተስ ፃንኮን ሰላም የማትለው ለምን እንደሆነ ነግረኸኛል? ስጠይቅህ ጥርሴን አመመኝ ነው ያልከኝ። ክረምቱን ሙሉ ጥርስህን ሲያምህ ሾርባ ሳፈላልህ ከረምኩ።»

ራሊትሳ ምንጣፉን ግቢው ውስጥ ዘርግታ ሎሚና ጨው አምጥታ ነበር፤ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ሎሚው አዞረች። እድፉ ላይ ጨው ነሰነሰች፤ ሎሚውን ጨምቃ አራሰችው።

«አክስቴ፣ ክፉ ዓይን ፈርተው ነው አይደል ይህን ያደረጉት? ከዚህ የከፋ ዓይን የት ይገኝ ነበር? አጎቴ ቪቾ በገዛ አበልጃቸው ላይ ያወጡት ዓይን እኮ ነው።»

ዝላታ ብረቱን ከቪቾ እጅ ወሰደች። «ታዲያ ልጣለው?» አለች ብረቱን እያገላበጠች።

«መጣል አያስፈልግም። ደረቅ ቦታ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ይስቀሉት። ችግሩ መደበቁና መርጠቡ ነው።»

ቪቾ ጨርቅ አንሥቶ እድፉን በኃይል መፈተግ ሲጀምር እጁን ያዘችው።

«አይፈትጉት፤ ወደ ውስጥ ይገፉታል። በነጭ ጨርቅ ጫን እያደረጉ ያንሡት። ጨርቁ ላይ ይመጣል።»

ጫን አደረገ፤ ጨርቁን አነሣ። ቡናማው ነገር ነጩ ጨርቅ ላይ ታትሞ ወጣ። በሌላው የጨርቁ ገጽ ደገመው፤ እንደገና መጣ። ሎሚ ጨምረው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ እንደገና ሎሚ ጨመሩ። በረኪናው ያነጣው ዳርዳር የሚመለስ አልነበረም፤ መሐሉ ግን ጠራ። ቪቾ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ብዙ ቆየ። ከእድፍ የጸዳው ምንጣፉ ብቻ ሳይሆን ፃንኮም እንደሆነ ተሰምቶት ደስም አለው፣ አፈረም።

«ዝላታ፣ ዳቦ ጋግረሻል?»

«ለማን?»

«ለፃንኮ ነዋ።»

ምንጣፉ እንኳ ሳይደርቅ መኪናው ውስጥ መልሶ አነጠፈውና ዳቦና ወይን ጠጅ ይዞ እየነዳ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ፃንኮ ግቢው ውስጥ የወይን ተክሉን ሲገርዝ ነበር። የጎርፉ ውሃ የደረሰበት መስመር የቤቱ ግድግዳ ላይ እስካሁን ይታያል። ዳቦውንና ወይን ጠጁን አይቶ መቀሱን አስቀመጠ እንጂ አልተንቀሳቀሰም።

«እሑድ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ ቪቾ። ቤቱን ጎርፍ ያልነካው ሌላ አበልጅ አግኝተሃል ብዬ ነበር።»

ቪቾ ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ይችል ነበር። ሥራ በዛብኝ ቢል ፃንኮ አምኖት፣ ወይም ያመነ መስሎ፣ ይመጣ ነበር። ግን የሸፈነው ነገር ምን እንዳመጣበት ገና ጠዋት አይቷል።

«ከጎርፍ የወጣ መኪና ሸጥክልኝ ብዬ ጠርጥሬህ ነው። ምንጣፉ ላይ ዝገት ወጣ። ዝላታ የቀበረችው የፈረስ ብረት ነው ያዛገው፤ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ክርስትናውን ለዲንኮ ልሰጥ ነበር።»

ፃንኮ ከኪሱ ሱፍ አወጣ፤ ሳይቆረጥም መልሶ ከተተው።

«ወንዙ ሲመጣ መጀመሪያ ያወጣሁት መኪናውን ነው» አለ። «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰድኩት። ስመለስ ፍራሹም አልጋውም ሄዷል። ቄሱን ብትጠይቃቸው ይነግሩህ ነበር። እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች እኮ፣ ቪቾ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ነው ያወቅከው።»

«አዎ፤ አሁን ነው ያወቅኩት።»

ፃንኮ ወደ ቤት ገባ። ቪቾ በሩ ተዘግቶ የሚቀር መስሎት ዳቦውን ታቅፎ ቆመ። አበልጁ ግን ተመልሶ ወጣ፤ በክንዱ ላይ ሕፃኑ ከውሃው ሲወጣ የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ልጁ የተወለደ ዕለት ነው የገዛሁት» አለ። «ዲንኮ ደግሞ ሕፃን መያዝ አያውቅም፤ ይጥለዋል። ና፣ ልጁን አሳየኝ።»

በመንገድ ላይ ቪቾ አፉ አልተዘጋም። በረኪና ዝገት ላይ አይፈስም አለ፤ ሎሚና ጨው ነው፤ ግን በረኪናው ታጥቦ ሳይወጣ አይሆንም፤ አይፈተግም፣ ጫን ይደረጋል፤ ስጋጃ ከመደረብ ሥሩን ገልጦ ማየት ነው፤ እንዲህ ቢሆን መኪናም አይበሰብስም፣ ሰውም ጎረቤቱን አያጣም። ሁሉንም ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ነበር የሚያስተምረው። ፃንኮ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ቪቾ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሽማግሌው ፃንኮ በዝላታ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ነጩን ጨርቅ አቅፎ፣ ሁለት እግሩን ከወለሉ ላይ አንሥቶ ይዟል። ቦት ጫማው ጭቃ ነው፤ ምንጣፉ ደግሞ ገና እርጥብ ነው።

«አውርደው እግርህን» አለ ቪቾ። «ምንጣፍ እኮ ነው፤ ይታጠባል።»