የአረቡ ዋስትና

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በጭነት መኪና ስንሄድ፣ አጠገቤ የገብስ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌና ጎረቤታቸው የሆነ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ያ ባለሱቅ አረብ አገሩን ለምን ጥሎ መጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«ቸግሮት ይሆናላ።»

«ለችግር ብሎ ባሕር የሚሻገር የለም። የሰው ደም ቢኖርበት ነው።»

«አይተዋል?»

«ማን አይቶ? አጥንቱን የሚያውቅ የለ፣ ዘመድ የለው።»

«አያ፣ አምና በድንበር ጠብ ሲታሰሩ ዋስ ሆኖ ያስፈታዎት ማን ነው?»

«እሱ ነው።»

«ዘመዶችዎስ?»

«እርሻ ደረሰብን አሉ።»

«ታዲያ?»

«እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደል? ምን ፈልጎ ነው ዋስ የሆነኝ?»

እኔም ብታሰር ዋስ የሚሆነኝን ዘመድ በጣቴ ልቆጥር ጀመርኩና፣ አንድ ጣት ሳላጥፍ ንፋስ መውጫ ደረስን።